ግድግዳችን የእድር ሸራ የነበረበት ክረምት

ነሐሴ 12 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ዓርብ ማታ፣ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ከቤታችን በላይ ካለው ዳገት ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ግድግዳችንን ጥሶ ገባ። ገባ የምለው ለማጋነን አይደለም፤ የኋላ ጎማዎቹ አባዬ ሸማ በሚሠራባት ክፍል ውስጥ አድረው፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ ሌላ መኪና በሰንሰለት ጎትቶ እስኪያወጣቸው ድረስ ከቤተሰቡ ጋር ነበሩ። የተረፍነው መብራት በመጥፋቱ ነው። አባዬ በበዓላት መዳረሻ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ድረስ ከሸማው ጉድጓድ የማይወጣ ሰው ሲሆን፣ በዚያች ምሽት ግን መብራቱ ገና በጊዜ ድርግም ስላለ እያጉረመረመ ተነሥቶ፣ እኛ ወዳለንበት ክፍል መጥቶ፣ የጾም ሽሮውን በሻማ እየበላ ነበር። የቡሄ ጨፋሪ ልጆችም ከዚያው ግድግዳ ሥር ቆመው ዱላቸውን ሲደበድቡ ቆይተው፣ እማዬ ሙልሙል ሰጥታቸው ወደ ጎረቤት ካለፉ አሥር ደቂቃ አልሞላም ነበር። ስለ ልጆቹ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ እማዬ እስከ ዛሬ ሲነሣባት አትወድም።

ቤታችን ሽሮ ሜዳ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኝ የቀበሌ ቤት ነው። ሰፈሩን በሸማኔዎቹና በአገር ባህል ልብስ ገበያው የማያውቅ አዲስ አበቤ ያለ አይመስለኝም። አባዬ በልጅነቱ ከአጎቱ ጋር ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ፣ መጥቶ እዚሁ ሰፈር ሙያውን የተማረ ሲሆን፣ ያቺ የተመታችው ክፍል ደግሞ ላለፉት ሠላሳ ዓመታት የእንጀራችን ምንጭ ሆና የኖረች ናት። ሦስት ሜትር በአራት ሜትር ብትሆን ነው። መሐሏ ላይ ሸማኔው ተቀምጦ እግሩን የሚሰድበት ጉድጓድ አለ፤ ከጉድጓዱ ፊት ድሩ ይዘረጋል፤ ጥግ ላይ ደግሞ ማጉ የተጠቀለለባቸው ቀሰሞች የሚቀመጡበት ሞሰብ ነበረ። ለአንድ ሸማኔ ቤት ከነሐሴ መግቢያ እስከ መስቀል ያለው ጊዜ ማለት ለገበሬ እንደ አጨዳ ነው። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ልብስ የሚያዝዘው ሰው ሁሉ የሚመጣው በእነዚያ ሳምንታት ሲሆን፣ በዚያች ማታም በእንጨቱ ላይ የተዘረጋው ድር ቀብድ የተበላበት ነበር።

ከዚያች ሌሊት ዘወትር ትዝ የሚለኝ ከግጭቱ በኋላ የመጣው ድምፅ ነው። መጀመሪያ ቆርቆሮው ጮኸ፤ ቀጥሎ ቤቱ በሙሉ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ በኋላ ሻማው በጠፋበት ጨለማ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚፈስ አሸዋ ሰማን። አሸዋው በመኪናው የኋላ መዝጊያ ስንጥቅ እየወጣ የአባዬን ጉድጓድ ይሞላ ነበር። አባዬ በስልኩ መብራት በሩ ላይ ቆሞ ዝም ብሎ አየው። እማዬ እያንዳንዳችንን በስማችን እየጠራች ሁለት ጊዜ ቆጠረችን፤ አራት ልጆች ብቻ ስንሆን በሁለተኛው ቆጠራ አምስት ሆነን ስለተገኘን፣ አምስተኛው የመኪናው ረዳት መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው።

ሾፌሩ ዕድሜው ከሃያ አምስት የማያልፍ ልጅ ነው። መኪናውን ከላይ ቤት እያሠሩ ላሉ ጎረቤታችን አሸዋ ሊያራግፍ አቁሞ፣ በሩን እንዲከፍቱለት ሊያንኳኳ ወርዷል። እጅ ፍሬን ይዟል፤ ከጎማው ሥርም ድንጋይ አስደግፏል። ይህን ረዳቱም መስክሯል፤ እኛም ድንጋዩን አይተነዋል። ነገር ግን ሁለት ወር ሙሉ ሲዘንብበት የከረመው አፈር ድንጋዩን ሊይዘው አልቻለም፤ ጎማው ድንጋዩን እየገፋ፣ ድንጋዩም በጭቃው ላይ እንደ ሳሙና እየተንሸራተተ አብረው ወረዱ። ጠዋት ስንወጣ ድንጋዩ የሄደበት መንገድ በማረሻ እንደተቀደደ ትልም ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። የትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ፕላን አነሣ፤ የልጁንም መንጃ ፈቃድ ወሰደ። ልጁ ከበራችን ላይ ባለው ድንጋይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ሲንቀጠቀጥ፣ እማዬ ምንም ሳትናገር ከልጆቹ የተረፈውን ሙልሙልና አንድ ብርጭቆ ሻይ አምጥታ ሰጠችው። እኔ በዚያ ሰዓት እንዲያ ማድረግ አልችልም ነበር፤ እንዲያውም ሻይ መስጠቷ አናድዶኝ ነበር።

በማግስቱ ቡሄ ነው። መኪናው ሲወጣ ሁለት ቋሚዎችና አብዛኛው ማገር ተከትለውት ወጡ፤ ጣሪያው በዚያ በኩል ተንጋደደ፤ ክፍሏም ለመንገዱ ክፍት ሆና ቀረች። አሸዋውን ከጉድጓዱ ውስጥ በአካፋና በባልዲ ስናወጣ ዋልን። ከቀትር በኋላ አሸዋውን ያዘዙት ጎረቤታችን መጡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው፣ ስለ ደረሰብን ነገር በጣም ማዘናቸውን ገልጸው፣ «ዝናቡ ሳይወስደው እንዲያው አሸዋውን ላስጭን?» አሉ። አባዬ ሳቀ። ከአደጋው በኋላ የመጀመሪያው ሳቁ ነበር። እኔ እስካሁን ድረስ ሰውየው ቢያንስ እስከ ማግስቱ ሊታገሡ ይገባ ነበር ባይ ነኝ።

የእድሩ ነገር ከዚህ ቀጥሎ መጣ። ሰፈርተኛው በሙሉ የሚያውቀው እድራችን የወር መዋጮ የሚሰበስበው በዋነኛነት ለሞት ነው። እሑድ በተደረገው ስብሰባ ጸሐፊው መተዳደሪያ ደንቡን አውጥቶ አነበበ፤ ሞት አለ፣ ቃጠሎም አለ፣ መኪና ግን የለም። አንድ አባል፣ ምናልባትም ልክ ነበሩ፣ «ዛሬ ለአንዱ ግድግዳ ከከፈልን ነገ በዝናብ ለሚፈርሰው ሁሉ ልንከፍል ነው ወይ?» ብለው ጠየቁ። ከብዙ ክርክር በኋላ ገንዘብ እንዳይሰጥ፣ ሁለተኛው የድንኳን ሸራ ግን ክፍሏ እስክትሠራ ድረስ እንድንጠቀምበት ተወሰነ። እንግዲህ ግድግዳችን ሸራ ሆነ። የለቅሶ ድንኳን ሸራ በቤቱ ጎን ተወጥሮ ሲያድር ሰው ምን እንደሚያስብ የሚያውቀው የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሦስት የማናውቃቸው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ «ማን ነው የሞተው?» እያሉ ወደ ግቢያችን ገብተዋል። አንዷማ ማንም አለመሞቱ ከተነገራቸው በኋላም ስለመጡ ብቻ ተቀምጠው፣ ቡና ጠጥተው ሄዱ።

ሽሮ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ሰፈር ስለሆነ፣ የነሐሴ ሌሊት ብርዱ ለባለ ግድግዳውም አይቀልም። አባዬና ታናሽ ወንድሜ በየተራ ሸራው አጠገብ ማደር ጀመሩ። ከእንጦጦ ጫካ ሌሊት ጅብ የሚወርድ መሆኑን ሁላችንም እያወቅን ያደግን ቢሆንም፣ ግድግዳ ካለ ጅብ የሚሰማ ድምፅ ብቻ ነው፤ ሸራ ሲሆን ግን የሚያሸት እንስሳ ይሆናል። ወንድሜ አንድ ሌሊት ከሸራው በስተጀርባ የትንፋሽ ድምፅ ሰምቶ እስኪነጋ ድረስ የሸማ እንጨት ስባሪ ጨብጦ ተቀምጦ አደረ። ውሻ ይሁን ጅብ አልታወቀም። እኔን ያስቸገረኝ ግን የቀኑ ነገር ነበር። ሸራው ቀን ቀን ብርሃን እንዲገባ ስለሚገለጥ፣ ወደ ገበያው የሚወጣው የሚወርደው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ቤታችንን ያያል፤ የተንጠለጠለውን የወለቀ አቡጀዲ ኮርኒስ፣ ከግድግዳው ጋር የተለጠፈውን የጋዜጣ ወረቀት፣ የልጅነት ፎቶግራፋችንን ጭምር። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው እንጀራም ወጥም ይዞ ይመጣ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ማየቱ ብቻ ቀረ። ስለ መረዳዳታችን በየመድረኩ የሚነገረውን ስሰማ ይህ ልዩነት ትዝ ይለኛል።

ነሐሴ 24 ከታችኛው መንደር አንድ አዛውንት ዐረፉ፤ ለቀስተኛው ብዙ ስለነበር ሁለተኛው ሸራም ተፈለገ። የእድሩ ሰዎች አፍረው በር ላይ ቆመው ሳለ አባዬ ራሱ መሰላሉን አምጥቶ ሸራውን ይፈታ ጀመር። ለሦስት ቀናት የማዳበሪያ ከረጢት ቀዳደን፣ እርስ በርስ ሰፍተን፣ በምስማር መትተን ኖርን። በሁለተኛው ሌሊት የጣለው ዝናብ ከረጢቱን ገንጥሎት ገባና ጉድጓዱ በአሸዋ ፈንታ በውኃ ሞላ። አባዬ ግን በሚገርም ሁኔታ ያዘነው ለዚህ አልነበረም፤ ያዘነው ለቅሶው ላይ ሸራው ተወጥሮ ሲያየው ከጫፉ አካባቢ የእኛ የምስማር ቀዳዳዎች ስለታዩት ነው። ሰኞ ዕለት መርፌና ወፍራም ክር ይዞ ሄዶ አንድ በአንድ ጠቀማቸው።

ስለ ድሩ ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ድሩ በጭቃ ተለውሶ፣ ግማሹ ተበጥሶ፣ እንደ ታመመ ሰው ፀጉር እርስ በርሱ ተጣብቆ ነበር። እማዬ ተቆርጦ እንዲጣል፣ አዲስ ድር እንዲደወር ፈለገች። አባዬ ግን እኛ በምንበላበት ክፍል ውስጥ በሁለት ወንበሮች መካከል ወጥሮት፣ በለብ ያለ ውኃ እያራሰ፣ ቀዩን አፈር በጣቱ እየገፋ፣ ከእያንዳንዱ የተበጠሰ ክር ጋር አዲስ ክር ይቀጥል ጀመር። ሁለቱን ጫፎች በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ይይዛል፤ አንዱን በሌላው ላይ ያሳልፋል፤ ምራቁን ቀባ አድርጎ ይጠቀልልና ይጎትተዋል፤ ቋጠሮው ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሰ ሆኖ ይቀራል። ቆጥሬው ነበር፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከመቶ በላይ ይቋጥራል። ሦስት ቀን ፈጀበት። የአጎቱ ልጅ የሸማ ቤቱን ጥግ ለማታ ስላዋሰው ጨርቁን እዚያ ጨረሰው፤ ነገር ግን በአንደኛው ጠርዝ በኩል ያለው የቀይ አፈር ጥላ በምንም ሳሙና አልለቅ አለ። ለባለቤቷ ሌላ ተሠራላት፤ ያቺ ባለ ጥላ ነጠላ አሁን የእማዬ ናት።

ወደ ወረቀቱ ጉዳይ ስመጣ ታሪኩ ይወሳሰባል። መኪናው የሦስተኛ ወገን መድን ነበረው፤ ያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 799/2005 በንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት እስከ 100,000 ብር፣ ለሞት ግን እስከ 40,000 ብር ይል ነበር። ይህን ሳነብ መብራት ባይጠፋ ኖሮ አባዬ ከግድግዳው ያነሰ ይገመት እንደነበር አሰብሁና ለማንም ሳልናገር ወረቀቱን አጠፍሁት። ነሐሴ 22 የመድኑ ገማች መጣ። ጨዋ ሰው ነበር፤ ጥያቄው ግን ከባድ ነበር፤ «ቤቱ የማን ነው?» እኛ የምንኖርበት ነው፤ የእኛ ግን አይደለም። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ እንደዚህ ያሉት አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ቤቶች ለቀበሌ ተላልፈዋል፤ ስለዚህ የግድግዳው ካሳ የሚገባው ለባለቤቱ፣ ማለትም ለመንግሥት ነው። የእኛ የሚባለው ከግድግዳው በስተውስጥ ያለው ነው። ለሸማው ዕቃ ደግሞ ደረሰኝ ያስፈልጋል። የሸማውን ዕቃ የሠራው የአባዬ አጎት፣ በገዛ እጁ፣ ከዛሬ ሠላሳ ዓመት በፊት ነው። ገማቹ ጥቂት አሰበና በቅጹ ላይ «የእንጨት ዕቃ፣ አሮጌ» ብሎ ጻፈ። አባዬ ማንበብ ስለሚችል አነበበው።

በሕግ ትምህርት ላይ የነበረ የጎረቤት ልጅ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 2081 አውጥቶ አሳየን፤ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ነው ይላል። ስለዚህ የድንጋዩና የእጅ ፍሬኑ ክርክር ለሾፌሩ ሕሊና እንጂ ለካሳው አያስፈልግም ነበር። እኔ ክስ እንመሥርት ባይ ነበርሁ። አባዬ ግን ፍርድ ቤት ሁለት መስቀል ያሳልፋል ብሎ እምቢ አለ፤ እሑድ ነሐሴ 28 የመኪናው ባለቤት ባለበት በሽማግሌ ተጨረሰ። እንጨቱን፣ ቆርቆሮውን፣ ጭዱንና የአናጺውን ዋጋ ባለቤቱ ሊችል፣ ለሸማው ዕቃና ለባከነው የሥራ ጊዜ ደግሞ 9,000 ብር ሊሰጥ ተስማሙ። አነሰ። ያን ጊዜም አነሰ ብያለሁ፤ አሁንም አነሰ እላለሁ። አባዬ፣ «ልጄ፣ ብር ሲቆይ ያንሳል፣ ያሁኑ ይሻላል» ብሎ ዝም አሰኘኝ።

ያኔ የቀረው ፈቃድ ነበር። የቀበሌ ቤት ያለ ወረዳው ፈቃድ አይነካም፤ ማመልከቻ ጻፍሁ፤ መሐንዲስ መጥቶ እንዲያይ ተቀጠረ፤ መሐንዲሱ ስብሰባ ላይ ነው ተባለ፤ እንደገና ተቀጠረ። በብሎኬት ብንሠራው ደስ ባለን ነበር፤ ይህ ግን ፈጽሞ እንደማይቻል በቃል ተነገረን። የተፈቀደው እንደነበረ፣ በእንጨትና በጭቃ ብቻ ነው፤ እሱም ደብዳቤው ሲወጣ።

በመስቀል ዕለት፣ በየዓመቱ እንደሚያደርገው ወደ ዶርዜ ስላልሄደ ሆድ የባሰው አባዬ፣ ሸራው ሥር ቁጭ ብሎ ስለ አያቱ ቤት አጫወተን። የዶርዜ ቤት ግድግዳና ጣሪያ የሚባል ልዩነት የለውም፤ ከቀርከሃ እንደ ትልቅ ቅርጫት ተሸምኖ፣ በእንሰት ተከድኖ፣ አዲስ ሲሆን ከአሥር ሜትር በላይ ይቆማል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው ይቆረጥና ቤቱ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ የቤት ዕድሜ በቁመቱ ይታወቃል። ሥፍራው ካልተስማማ ደግሞ የመንደሩ ወንዶች ተሰብስበው፣ ዙሪያውን ይዘው፣ ቤቱን እንዳለ አንሥተው ሌላ ቦታ ያስቀምጡታል። «አያቴ ሰባት ዓመት ሳለሁ ቤታችንን ሲያስነሡ እኔ ከኋላ ምሰሶውን ይዤ ነበር» አለ። ወንድሜ፣ «ማንን አስፈቅደው?» ብሎ ጠየቀው። አባዬ ጥያቄው ስላልገባው እንደገና እንዲጠይቀው አደረገ።

በማግስቱ ደብዳቤውን ሳይጠብቅ ከቤቱ ጀርባ ቀዩን አፈር መቆፈር ጀመረ። የጭቃ ነገር እንደ ጠላ ነው፤ የሚያቻኩሉት አይደለም። አፈሩ ከሥርና ከጠጠር ይለቀማል፤ ውኃ ይጠጣል፤ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበትና በእግር ይረገጣል፤ ከዚያ ተሸፍኖ ይከርማል፤ በየሦስት ቀኑ ውኃና ጭድ እየተጨመረ እንደገና ይረገጣል። አዲሱ ጤፍ ስላልታጨደ የዚያን ጊዜ ጭድ ውድና ያረጀ ነበር፤ አባዬ ግን ያረጀ ጭድ ቶሎ ይበሰብሳል ብሎ ወደደው። በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤት አፍንጫውን ይዞ የሚያልፍበት ሽታ መጣ። ሾፌሩ ያለ ሥራ ተቀምጦ ስለነበር እሑድ እሑድ እየመጣ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ከወንድሜ ጋር ጭቃውን ይረግጥ ጀመር። ለአዲሶቹ የባሕር ዛፍ ቋሚዎችም ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት በጀሪካን አምጥቶ፣ ምስጥ እንዳይበላቸው መሬት የሚገባውን ጫፍ ራሱ ቀባ። «አባባ፣ ይህን ጥግ እኔ ልምረገው» ብሎ የለመነው፣ መኪናው የገባበትን ነው። አባዬ ከቦካው ጭቃ አንድ እፍኝ ዘግኖ ማገሩ ላይ ወረወረ፤ ሳይንሸራተት ተጣብቆ ሲቀር፣ «ደርሷል፣ ምረግ» አለው።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ምርጊቱ አለቀ። ሲደርቅ መሰነጣጠቁ የሚጠበቅ ነው፤ ስንጥቁን በተነፋ አፈር፣ በደቃቅ ጭድና በእበት እማዬ ለሰነችው። ሸራውን አጥበን፣ አድርቀን፣ አጥፈን መለስን። ከውስጥ ኖራ ተቀባ፤ ከውጭ ግን የሾፌሩ ጥግ ሳይቀባ ስለቀረ የአምስት ጣቱ መስመር እስከ ክርናችን ከፍታ ድረስ ይታያል፤ ከሌላው ሰው ምርጊት ይልቅ ይወፍራል።

ደብዳቤው የደረሰን ኅዳር 20 ነው። አባዬ አዲሱ ዕቃው ላይ ተቀምጦ እየሠራ ስለነበር ጮክ ብዬ እንዳነብለት ጠየቀኝ። «በቀረበው ማመልከቻ መሠረት ጉዳት የደረሰበት ግድግዳ በነበረበት ይዞታ እንዲጠገን የተፈቀደ መሆኑን እናስታውቃለን» ይላል። መወርወሪያውን አቁሞ ወደ ግድግዳው ዞር ብሎ ተመለከተ፤ ከዚያም ወረቀቱን ከኪራይ ደረሰኞቹ ጋር እንዳስቀምጠው ነግሮኝ ወደ ሥራው ተመለሰ።